ስሕተት ነው ወይስ ሌላ ቆጠራ?

ከአሜሪካ ዘመድ ሊጠይቁ የሚመጡ ወገኖቻችን ቡና ላይ የሚያወሩልን የመጀመሪያ ዓመት ገጠመኝ በሳቅ የሚያፈርስ ነው። ከ1980 እ.ኤ.አ. የስደተኞች ሕግ በኋላ ከሱዳን መጠለያ የሄዱትም ሆኑ ከ1995 እ.ኤ.አ. ወዲህ በዲቪ ዕጣ የገቡት ወሬያቸው አንድ ዓይነት ነው።

አንዱን አሠሪው «ነገ በስምንት ሰዓት ና» ይለዋል። ሰውየው ታዲያላችሁ ምሳውን በልቶ፣ ጫማውን ወልውሎ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከች! አሠሪው የጠበቀው ግን በእኛ አቆጣጠር ከጧቱ ሁለት ሰዓት ነበር። ሌላው ፎርም ላይ የትውልድ ዘመኑን በእኛ ቆጠራ ይሞላና በወረቀት ሰባት ስምንት ዓመት ያረጃል። ሦስተኛው በቢሮ ተራው ደርሶ በአባቱ ስም ቢጠሩት ዝም ብሎ ይቀመጣል፤ አባቱ ያለው አገር ቤት ነዋ! አንዷ ደግሞ እንግድነት ሄዳ «ብዪ» ስትባል በይሉኝታ «ጠግቤያለሁ» ትላለች። ሁለተኛ የሚለምናት የለም፤ ሳህኑ ይነሳል፤ እሷም ጦሟን ታድራለች።

እኛ ግን እንደ እጩ መምህርነታችን ከሳቁ በኋላ አንድ ጥያቄ እናነሳለን። ለመሆኑ ከነዚህ ሰዎች መሐይሙ የትኛው ነው? በእኛ እምነት አንዳቸውም አይደሉም። እኛ ሰዓት የምንቆጥረው ከንጋት ጀምረን ነው፤ እነሱ ከእኩለ ሌሊት። የዘመኑም ልዩነት የክርስቶስ ልደት ዓመት በሁለት ዓይነት ስሌት ከመቆጠሩ የመጣ ነው። ስለዚህ ሰውየው ሒሳቡን አልሳተም፤ መነሻው ነው የተለየው።

አንዳንድ ጓደኞቻችን «መሳቅ ምን ይጎዳል? እየተሳቀበት ይለምዳል» ይላሉ። አንስማማም። ወሬው ዛሬ የሚያስቀን ዓመታት ስላለፉና ባለቤቱ ራሱ ስለሚያወራው ነው። ያን ዕለት ግን የቀን ደመወዙን አጥቷል። የተሳቀበት ሰው ቶሎ የሚለምደው ዝምታን ነው። ዝም ያለ ተማሪ ደግሞ ምን እንዳልገባው ለመምህሩ አይነግርም።

ነገሩ ከእኛ ሩቅ አይደለም። ነገ ምደባ ሲወጣ እኛው ራሳችን ለአገሩ እንግዳ፣ ለሰው ባዳ እንሆናለን። በክፍላችንም ከሌላ አካባቢ የመጣ፣ አፉን በሌላ ቋንቋ የፈታ ልጅ ይኖራል። አንድ ቃል አበላሽቶ ሲናገር ክፍሉ ሁሉ ይስቅ ይሆናል። ያን ጊዜ ዓይኑ የሚያርፈው በመምህሩ ፊት ላይ ነው፤ መምህሩም አብሮ ከሳቀ ያ ልጅ ዳግመኛ እጁን አያወጣም።

ስለሆነም ቀይ እስክሪብቶ ከማንሳታችን በፊት «እስቲ ልጄ፣ ከየት ጀምረህ ነው የቆጠርከው?» ብለን እንጠይቅ እንላለን። መልሱን ከሰማን በኋላ ማረም አይከብድም።