ወፍ የነገረችውን ማን ያጣራ?

«ማን ነገረሽ?» ስንባል «ወፍ ነገረችኝ» ብለን የምናልፈው ነገር የድሮውን አውጫጭኝ ያስታውሳል። ከብት ሲሰረቅ ወይም ገዳይ ሲሰወር ሕዝቡ ይሰበሰብና ለተመረጡ ሽማግሌዎች ያወጣጣ ነበር። በይፋ መናገር የፈራ ለሽማግሌዎቹ ብቻ ሹክ ይላል፤ እርሱም «ወፍ» ይባላል፤ ስሙ ለጉባኤው አይወጣም። መልካም ዘዴ ነበር፤ ዳሩ ግን ቂመኛ ወፍም አትጠፋም።

እስቲ ሊማሊሞን ወርደን ወደ አዲ አርቃይ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችውን ዛሪማን እናስብ። አንዲት እናት የ7ኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው የጎረቤቷ ልጅ ልትዳር ድግስ ሲጠነሰስ አየች እንበል። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ 18 ዓመት አድርጎታል፤ የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግም ያለ ዕድሜ ጋብቻን በአንቀጽ 648 ይቀጣል። ይሁን እንጂ ሴትዮዋ ከሙሽራዋ እናት ጋር ቡና ይጠራራሉ፤ እድራቸውም አንድ ነው። ስለዚህ ስሟን ሳትጽፍ በትምህርት ቤቱ የምስጢር ሳጥን ወረቀት ትከታለች።

ዋናው ጥያቄ ከዚህ በኋላ ይመጣል። ቁልፉ በአንድ ሰው እጅ ብቻ ከሆነ፣ ያም ሰው የሙሽራዋ አጎት ቢሆንስ? ሁለት ሆነው ቢከፍቱት፣ አንዷም ሴት ብትሆን ይሻላል። ከዚያም «አየሁ» የሚለውን «ሰማሁ» ከሚለው መለየት፣ የልጅቱንም ዕድሜ ደብዳቤውን ሳያነሱ ከትምህርት ቤቱ መዝገብ ማየት ያስፈልጋል። ነገሩ እውነት ከመሰለ ወደ ፖሊስና ወደ ሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ይሄዳል እንጂ ወደ ማስታወቂያ ሰሌዳ አይሄድም።

ለሕዝብ በሚነገርበት ጊዜም ስም መሰረዝ ብቻውን አይበቃም። በትንሽ ከተማ «አባቷ ሾፌር የሆነ የ7ኛ ክፍል ተማሪ» ማለት ስሟን መጥራት ነው። «በጓሮ ጌሾ ሲወቀጥ ታየ» ከተባለ ደግሞ ያንን ጓሮ የሚያየው ቤት አንድ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ጠቋሚዋ ታወቀች ማለት ነው። የእጅ ጽሑፍም ይናገራል፤ ስለዚህ ወረቀቱ እንዳለ አይለጠፍም፣ በሌላ ቃል ይጻፋል። የተጠቆመው ቤተሰብም ስሙ ከፍርድ በፊት አይወጣም፤ ሐሰት ሆኖ ቢገኝ ማን ያጥብለታል?

ይህ የእኛ ብቻ ጭንቀት አይደለም። በጎረቤት ኬንያ ከምርጫ በኋላ ሁከት በተነሣ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ2008፣ ኡሻሂዲ የተባለ ዘዴ ሰዎች በሞባይል ስልክ የላኩትን ጥቆማ በካርታ ላይ ማሳየት ጀመረ፤ ስሙ በስዋሂሊ «ምስክርነት» ማለት ነው። በእኛም አገር ለወንጀል ምስክሮችና ጠቋሚዎች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 ወጥቷል።

አንድ ነገር ግን አዋጅም ካርታም አይተካውም። በጥር፣ የሠርጉ ወር፣ ሳጥኑ በሳምንት አንድ ቀን የሚከፈት ከሆነ ማክሰኞ የገባው ወረቀት የሚነበበው ልጅቱ ቅዳሜ ከተዳረች በኋላ ሊሆን ይችላል። ቢያንስ በዚያ ወር በየቀኑ ይከፈት።