የ28 ዓመት ጎረምሳ «በተፈጥሮ ሞት» ሞተ ይሉናል

ስለ ዓረብ አገር ሥራ የለጠፍኩት ፖስት ሥር አንድ የቀድሞ ተማሪዬ «ቲቸር፣ ሞት እኮ እዚህም አለ። ዜጋውም ስደተኛውም በአደጋ ይሞታል፣ የቀን ጉዳይ ነው» ብሎ ጻፈ። ብዙዎቻችሁ ላይክ አድርጋችሁታል። ኮመንት ላይ የሚያልቅ ስላልሆነ ለብቻው ልመልስ።

የቀን ጉዳይ ቢሆን ኖሮ ቀኑ ፓስፖርት እያየ አይመርጥም ነበር።

ኳታርን እንውሰድ። ከአስር ነዋሪ ዘጠኙ ገደማ የውጭ ዜጋ ነው። ዜጋው በአብዛኛው የመንግሥት ቢሮ ውስጥ ይሠራል፤ ፎቅ ላይ የሚወጣው፣ ጉድጓድ የሚቆፍረው ሌላው ነው። ዘ ጋርዲያን በ2021 (እ.ኤ.አ.) እንደጻፈው፣ አገሪቱ የዓለም ዋንጫን ካገኘችበት ከ2010 ወዲህ ከሕንድ፣ ከፓኪስታን፣ ከኔፓል፣ ከባንግላዴሽና ከስሪላንካ የሄዱ ከ6,500 በላይ ሠራተኞች እዚያ ሞተዋል። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ ቁጥሩ በበሽታም በመኪናም የሞተውን ሁሉ የያዘ ነው። «ስታዲየም ሲሠሩ 6,500 ሰው አለቀ» እያላችሁ ሼር የምታደርጉ ሰዎች፣ እባካችሁ ተዉ፤ ለሚክደው ሰው መውጫ እየሰጣችሁት ነው። ደግሞ በዚያ ድምር ውስጥ ኢትዮጵያ የለችም። የኛ ልጆች አልተቆጠሩም።

የኳታር መንግሥት መልስ «ከሕዝቡ ብዛትና ስብጥር አንጻር የሚጠበቅ ነው» የሚል ነበር። የሚጠበቅ? ከማን ጋር ተወዳድሮ?

ሒሳብ ያስተማርኳችሁ ታስታውሱ እንደሆነ፣ ከአንዱ ክፍል ጎበዞቹን ብቻ፣ ከሌላው ክፍል ግን ሁሉንም ፈትኜ አማካዩን ባወዳድር ትስቁብኝ ነበር። ይኸም እንደዚያው ነው። ዜጋው ውስጥ ሕፃን አለ፣ የ80 ዓመት ሽማግሌ አለ፣ የቆየ የስኳር ሕመምተኛ አለ። ስደተኛው ግን ደሙም ሳንባውም ተመርምሮ፣ «ፊት» ተብሎ የሄደ ጎረምሳ ነው። «አንፊት» የተባለው ከመነሻው ቀርቷል። እዚያ ሄዶ የታመመው ደግሞ ይመለሳል፤ ኩላሊቱ በዚያ ሙቀት ደክሞ ሞቱ እዚህ ቀበሌ ይመዘገባል፣ ያውም ከተመዘገበ። ስለዚህ የስደተኛው ሞት ከጠቅላላው ሕዝብ አማካይ በጣም ማነስ አለበት። እኩል ቢሆን እንኳ ትልቅ ችግር አለ ማለት ነው! መወዳደር ያለበት የ30 ዓመት ዜጋ ከ30 ዓመት ስደተኛ ጋር፣ ያውም ምን እንደገደለው ተለይቶ ነው።

ምን እንደገደለው ስንል፣ የባሕረ ሰላጤው አገር ወጣትም በአደጋ በብዛት ይሞታል፤ ይህን አልክድም። ግን የሱ አደጋ በዋናነት መኪና ነው። የስደተኛው አደጋ ከርብራብ ላይ መውደቅ፣ ዕቃ ሲወድቅበት፣ አሸዋ ሲናድበት፣ አስፋልት ሲያቋርጥ ነው። ሁለቱንም «አደጋ» ብላችሁ ስትደምሩት የሚጠፋው ነገር ይኸው ነው፦ የአንዱን መሪ የያዘው ራሱ ነበር፣ ሌላው ግን ቀበቶ ሳይሰጠው ውጣ የተባለ ነው። (አዲስ አበባስ ፎቅ ላይ የሚወጣው ማን ነው? ከገጠር የመጣው ልጅ አይደል እንዴ?)

ከሁሉም በላይ የሚያናድደኝ ግን አደጋ ተብሎ እንኳ ያልተመዘገበው ነው። ማታ ደክሞት ተኛ፣ ጠዋት አልነቃም። ወረቀቱ ላይ «ልብ መቆም»፣ «የተፈጥሮ ሞት» ይባላል። የማን ልብ ነው ሳይቆም የሚሞት? በኳታር የኔፓል ሠራተኞች ላይ የተሠራና በ2019 የታተመ ጥናት፣ ከ2009 እስከ 2017 በልብና በደም ሥር ችግር ሞቱ ከተባሉት 571 ሰዎች እስከ 200 የሚሆኑት ከሙቀት ቢጠበቁ ኖሮ ሊተርፉ ይችሉ ነበር ብሏል። ቀዝቀዝ ባለው ወቅት ከሞቱት 22 በመቶው በዚሁ ምክንያት ሲሆን፣ በበጋው ሙቀት ግን 58 በመቶ ደርሷል። ተፈጥሮ ወቅት ጠብቃ ነው እንዴ የምትገድለው? ኳታር ራሷ በ2021 በሰኔ መጀመሪያና በመስከረም አጋማሽ መካከል ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 9፡30 ሜዳ ላይ ሥራ ከልክላለች። ሙቀቱ ካልገደለ ለምን ከለከለች?

አስከሬን ይመርመር የሚለው ሐሳብም አዲስ አይደለም። መንግሥቱ ራሱ የቀጠረው ዲኤልኤ ፓይፐር የተባለው የሕግ ድርጅት ድንገተኛ ሞት እንዲመረመር ሕጉ ይሻሻል ብሎ የመከረው በ2014 ነው።

ይኼ የቃላት ጨዋታ አይደለም። የሥራ ላይ አደጋ ከተባለ አሠሪው ካሳ ይከፍላል፤ «የተፈጥሮ ሞት» ከተባለ ግን ያ ካሳ የለም። አንድ ቃል የእናትየውን ጉሮሮ ይዘጋል። ደላላው ደግሞ ለቅሶ ቤት መጥቶ «ቀኑ ደርሶ ነው» ይላል። ቀን ከሆነ የሚጠየቅ ሰው የለማ!

ስለዚህ ወንድም ወይም ልጅ እዚያ የሞተባችሁ፣ ሬሳው ቦሌ ሲደርስ ሳጥኑን ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ። የሞት ወረቀቱን ጠይቁ፣ አስተርጉሙ። ምን ሥራ ላይ ነበር፣ በስንት ሰዓት፣ ማን አየው፣ አስከሬኑ ተመርምሯል ወይ የሚሉትን ጽፋችሁ ለኤምባሲውም ለሥራና ክህሎት ሚኒስቴርም አስገቡ፣ ቅጂውን ያዙ። አብረውት አንድ ክፍል ያደሩትን ልጆች ስልክ ቀይሩ ሳይባሉ ቶሎ ደውሉላቸው። ዓረብኛውን ማንበብ የምትችሉ የቀድሞ ተማሪዎቼ ደግሞ ኮመንት ላይ ስማችሁን ጣሉልኝ፤ የሚያስተረጉሙ ቤተሰቦች አሉ።