ውሃ የሌለው ወንዝ በጀት

ባለፈው ዓመት አንድ የዶርም ጓደኛዬ እኛ ቤት ድሬዳዋ መጥቶ ደቻቱን ላሳየው ወሰድኩት። «ታዲያ ወንዙ የታለ?» አለኝ። እፊቱ ተዘርግቶ! አልፈረድኩበትም። ደቻቱ አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ነው። ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ ሰዉ አቋርጦት ገበያ ይሄዳል።

ይኸው አሸዋ ነው እንግዲህ ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ለእሁድ አጥቢያ ከ250 በላይ ሰዎችን ከነቤታቸው የወሰደው። ወደ 10 ሺህ የሚጠጋ ሰው ተፈናቀለ። እኔ ሕፃን ስለነበርኩ የማስታውሰው የለም። እናቴ ግን ዛሬም በደንገጎ በኩል ሰማዩ ከጠቆረ የቤቱን ካርታና መታወቂያዋን በፌስታል ጠቅልላ ትራስጌዋ ታስቀምጣለች። ድሬ ላይ ጠብ ባይልም ማለት ነው። ውሃው የሚመጣው ከላይ፣ ከሐረርጌ ደጋ ነዋ!

ከዚያ በኋላ በወንዙ ዳርና ዳር የመከላከያ ግንብ ተሠርቷል። ጥሩ ሥራ ነው፣ አልክድም። ነገር ግን ጎርፉ ውሃ ብቻ ይዞ አይመጣም። አሸዋውና ድንጋዩ በተደለደለ ቁጥር የወንዙ ወለል ከፍ ይላል፣ ወለሉ ከፍ ሲል ደግሞ ግንቡ ያጥራል። የየሰፈሩ ቦይም እንደዚያው በደለልና በሃይላንድ ጠርሙስ ይደፈናል። በሚያዝያ 2012 ዓ.ም. ጎርፍ ድሬዳዋ ውስጥ እንደገና ሰው ገደለ።

ለመሆኑ ገንዘብ ጠፍቶ ነው? ለግንባታውስ ይገኛል። በ2010 ዓ.ም. በዓለም ባንክ ድጋፍ የተጀመረው የከተሞች መሠረተ ልማት ፕሮግራም 117 ከተሞችን ያቀፈ ነበር። ከተሞቹም ከራሳቸው ገቢ ድርሻቸውን እያዋጡ ኮብልስቶንና ቦይ ሠርተውበታል። እኔን የሚያሳስበኝ የጠረጋው ገንዘብ ነው። ሪባን የሚቆረጠው ለአዲስ ቦይ እንጂ ለተጠረገ ቦይ አይደለማ።

የበጀቱን አቆጣጠር ደግሞ እዩልኝ። አዲሱ በጀት የሚጀምረው ሐምሌ 1 ነው። ጨረታው ወጥቶ፣ ውሉ ተፈርሞ ሥራ እስኪጀመር ክረምቱ ያልቃል። ስለዚህ ከዝናብ በፊት የሚጠረግ ቦይ መጠረግ ያለበት በአሮጌው በጀት ጭራ ነው፤ እዚያ ጋ ሲደረስ ደግሞ ካዝናው ተራግፏል። የበልጉን ዝናብማ ማን አስቦት! በእኔ አስተያየት የጠረጋ ገንዘብ ለብቻው ተለይቶ፣ ለሌላ ሥራ እንዳይዛወር ተደርጎ መያዝ አለበት።

ሌላው ችግር ወሰን ነው። የከተማው በጀት የከተማው ወሰን ላይ ይቆማል፣ ውሃው ግን የሚነሳው ከምሥራቅ ሐረርጌ ዳገት፣ ከኦሮሚያ ነው። እዚያ ያለው ገበሬ ለድሬዳዋ ብሎ በነፃ እርከን ይሥራ? ታዲያ ድሬዳዋ ለጎረቤቷ ዳገት ትክፈል ወይ የሚለኝ አይጠፋም። አዎ፣ ትክፈል! ከግንብ እርከን ይረክሳል።

እኛስ የነገ ጋዜጠኞች? ጎርፍ ሰው ሲበላ እንዘግባለን፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። እኔም ለዕረፍት ሄጄ ለቦይ ጠረጋ ስንት እንደተያዘ ልጠይቅ አንድ ቢሮ ገባሁ። «ለምን ፈለግከው?» ተባልኩ። ተማሪ ነኝ ስል «ደብዳቤ አምጣ»። ደብዳቤውን ይዤ ስሄድ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። ሦስት ቀን ተመላለስኩ፣ ስብሰባው አላለቀም። የተቀበለችኝ ጸሐፊ አንድም ቀን ፊት አልነሳችኝም። እንዲያውም በሦስተኛው ቀን «ወንድሜ፣ ይህን ጠይቆን የሚያውቅ የለም እኮ» አለችኝ።

ግንቦት ላይ ተመልሼ እሄዳለሁ። ደብዳቤው ቀኑ አልፎበታልና ዲፓርትመንታችን አዲስ ቢጽፍልኝ፣ ማኅተሙም በደንብ እንዲታይ ቢደረግልኝ ደስ ይለኛል።