በሹክሹክታ የታረመ ስህተት

ግልጽ ደብዳቤ ለዓለም ጤና ድርጅት የኢንፌክሽን መከላከል መመሪያ አዘጋጆች



እ.ኤ.አ. ማርች 28 ቀን 2020 ድርጅታችሁ በትዊተር ገጹ ኮቪድ-19 በአየር እንደማይተላለፍ አወጀ። መልእክቱ «እውነታ» በሚል ርዕስ የቀረበ ነበር፤ «ምናልባት» የለው፣ «እስካሁን በምናውቀው» የለው።

ከዚያ 18 ቀን ቀደም ብሎ፣ በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት በማውንት ቬርነን ከተማ 61 መዘምራን ለልምምድ ተሰብስበው ነበር። በሩ ላይ ሳኒታይዘር ተቀምጧል፤ መጨባበጥም መተቃቀፍም ቀርቷል። ሁለት ሰዓት ተኩል ዘምረው ተለያዩ። ከመካከላቸው አንድ ሰው የሕመም ምልክት ነበረበት። በምርመራ የተረጋገጠባቸውና በምልክታቸው የተጠረጠሩት፣ እሱን ጨምሮ፣ 53 ሆኑ፤ ሁለቱ ሞቱ። መልእክቱ በተለጠፈበት ቀን ይህ ታሪክ ገና አልተጣራም ነበር ቢባል ያስማማል። ግን የአሜሪካ የበሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል በሜይ ወር ዝርዝሩን ሲያወጣም ድርጅቱ ከአቋሙ አልተነቃነቀም። በጁላይ ተመራማሪዎቹ ሊዲያ ሞራውስካና ዶናልድ ሚልተን በሽታው በአየር ስለመተላለፉ ያዘጋጁትን ጽሑፍ 239 ሳይንቲስቶች ደግፈው አደባባይ ሲወጡ፣ የተሰጠው መልስ «በአንዳንድ የተዘጉ ቦታዎች ሊሆን ይችላል» ከሚል አላለፈም።

ይህ ደብዳቤ የሚወቅሰው መሳሳቱን አይደለም። አዲስ በሽታ ሲመጣ ማንም ይሳሳታል። የሚወቅሰው አሠራሩን ነው፤ በጠብታና በንክኪ ይተላለፋል ለሚለው መላምት ምስክር ሳይጠሩ፣ በአየር ይተላለፋል ለሚለው ሰማይ የሚደርስ ማስረጃ መጠየቅን።

ከ5 ማይክሮን የሚበልጥ ጠብታ አንድ ሁለት ሜትር ሳይርቅ መሬት ይወድቃል የሚለው ደንብ ለብዙ ዓመታት በመመሪያዎች ላይ ሲገለበጥ ኖሯል። የአየር ብናኝ ተመራማሪዋ ሊንሲ ማር ከባልደረቦቻቸው ጋር ምንጩን ሲያስሱ፣ ቁጥሩ የሳንባ ነቀርሳ ተሕዋሲያን ወደ ሳንባ ጥልቀት ከሚገቡበት መጠን ጋር ተምታቶ የመጣ ሆኖ አገኙት። ተመራማሪው ዊልያም ዌልስ ደግሞ ገና በ1930ዎቹ የሚወድቀውን ጠብታ ከሚንሳፈፈው የሚለየውን ድንበር ወደ 100 ማይክሮን አስጠግተው ነበር።

እኚሁ ዌልስ ከሪቻርድ ራይሊ ጋር በ1950ዎቹ መጨረሻ በባልቲሞር ያደረጉት ሙከራ ሊነገር ይገባዋል። የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን ከተኙበት ክፍል የሚወጣውን አየር በቱቦ ወስደው ጊኒ ፒግ ለሚባሉት እንስሳት አስተነፈሷቸው። እንስሳቱ በበሽታው ተያዙ። ያው አየር በአልትራቫዮሌት ብርሃን አልፎ የደረሳቸው ግን ዳኑ። አየር ጥፋተኛ እንዲባል ይህን ያህል ተደክሟል! ጠረጴዛና የበር እጀታ ጥፋተኛ ሲባሉ ግን እንዲህ ያለ ሙከራ የጠየቀ የለም። በ2021 የአሜሪካው ማዕከል የተበከለን ዕቃ አንድ ጊዜ በመንካት የመያዝ ዕድሉ በጥቅሉ ከ10,000 አንድ እንደማይሞላ አስታወቀ።

እርማቱ እንዴት መጣ? በኤፕሪል 2021 በዓለም ጤና ድርጅት ድረ ገጽ የጥያቄና መልስ ዓምድ ላይ፣ ያለ ጋዜጣዊ መግለጫ፣ ጥቂት ዓረፍተ ነገሮች ተለወጡ። የድርጅቱ ዋና ሳይንቲስት የነበሩት ሱሚያ ስዋሚናታን በ2022 ሥራቸውን ሲለቁ ነገሩን ቀደም ብሎ አለመናገር እንደሚቆጫቸው ገለጹ። በአየር ስለሚተላለፉ ተሕዋሲያን የጋራ የቃላት ስምምነት የያዘው የድርጅቱ ሰነድ የታተመው ደግሞ በ2024 ነው። ስህተቱ የዓለምን ጆሮ ሞላ፤ እርማቱን ግን ፈልጎ ያነበበ ብቻ አወቀው።

ውጤቱን አዲስ አበባ ላይ ማየት ይቻላል። በ2012 ዓ.ም. ታክሲ በእጥፍ ዋጋ ግማሽ ሰው ጫነ፤ ባንኩም ቢሮውም በር ላይ ሮቶና ሳሙና ተደረደረ። መልካም፤ እጅ መታጠብ ከስንት የሆድ በሽታ ይጠብቃል። መስኮቱን ግን ማን አሰበው? ዛሬም ሚኒባስ ውስጥ አንዱ መስኮት ሲከፍት ሌላው «ብርድ ሊያስመታኝ ነው» ብሎ ይዘጋዋል። ይህ ልማድ ከድርጅቱ በፊት የነበረ ነው፤ ልማዱን ሊሞግት የሚችለው ድምፅ ግን በሚያስፈልግበት ሰዓት በተቃራኒው ቆሞ ነበር።

የሚያስገርመው፣ ድርጅቱ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2009 ስለ ጤና ተቋማት የተፈጥሮ አየር ዝውውር መመሪያ አሳትሟል። ለተራ የሕሙማን ክፍል ለአንድ ታካሚ በሴኮንድ 60 ሊትር ንጹሕ አየር ይላል። መስኮት ከመክፈት በላይ ብዙ ወጪ የማይጠይቅ ምክር በእጃችሁ ነበር።

አሁንም ጊዜው አላለፈም። ኢንፍሉዌንዛው፣ ኩፍኙ፣ የሳንባ ነቀርሳውም የሚጠብቁት ያንኑ የታፈነ ክፍል ነው። ስለዚህ ድርጅቱ የቀድሞ መልእክቱን ስህተትነት በግልጽ ይናገር። የጤና ሚኒስቴሮችም ከእጅ መታጠቢያው ፖስተር ጎን ስለ መስኮት የሚናገር ይለጥፉ። የካርቦን ዳይኦክሳይድ መለኪያ ውድ መሣሪያ አይደለም፤ ውጭ ያለው አየር 420 ፒፒኤም አካባቢ ሲሆን፣ የመማሪያ ክፍል 1,500 ካሳየ ተማሪዎቹ አንዱ የሌላውን ትንፋሽ እየተጋሩ ነው። ቀጣዩ መመሪያ ሲረቀቅም የአየር ዝውውር መሐንዲሶችና የብናኝ ፊዚክስ ሊቃውንት ከሐኪሞቹ እኩል ድምፅ ይዘው ኮሚቴው ውስጥ ይቀመጡ።