ፏፏቴ ለሚፈልግ መንገደኛ የቆቦ ነጋዴ ምን ያቀርባል?

ወደ ውጭ አገር የሚላክ ሸቀጥ ሲባል በብዙ ነጋዴዎች ዘንድ የሚታሰበው በጆንያ ተሞልቶ፣ በካሚዮን ተጭኖ፣ በወደብ በኩል የሚወጣው ብቻ ነው። ነገር ግን ከአገር ሳይወጣ የውጭ ምንዛሪ የሚያስገባ፣ የማጓጓዣውንም ኪሣራ ገዢው ራሱ የሚችለው ሌላ ዓይነት ሸቀጥ አለ፤ ይኸውም እንግዳ ገንዘብ ከፍሎ የሚያየው ተራራ፣ ገደልና ፏፏቴ ነው። ከዚህም ሁሉ ይልቅ ለትንሹ ነጋዴ የሚጠቅመው ከሩቅ ፏፏቴ ለመድረስ በእግሩ የሚጓዘው መንገደኛ ነው፤ ምክንያቱም ይህ ሰው ገንዘቡን በአንድ ትልቅ ሆቴል ሳይሆን በየመንደሩ፣ በየሻይ ቤቱና በየሱቁ እየበተነ ያልፋል።

የዚህን ንግድ ጠባይ ለመረዳት በካሪብ ባሕር የምትገኘውን ዶሚኒካ የተባለችውን ትንሽ ደሴት መመልከት ይበቃል። ይህች ደሴት ለብዙ ዓመታት የኖረችው ሙዝ ለእንግሊዝ አገር በመሸጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1997 የዓለም የንግድ ድርጅት የአውሮፓን ልዩ የሙዝ ገበያ አሠራር ተቃውሞ ከፈረደ ወዲያ ግን የሙዝ ንግዷ ክፉኛ ደከመ። የደሴቲቱ ሰዎች ደናቸውንና ፏፏቴዎቻቸውን የሚያገናኝ፣ ከ180 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ፣ በ14 ክፍል የተከፈለ የእግር መንገድ አበጁ። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2017 ማሪያ የተባለው ዐውሎ ነፋስ ደኑንም መንገዱንም ሲሰባብር እንደገና መጥረግ ግድ ሆነባቸው። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው፤ ፏፏቴውን የሠራው ፈጣሪ ቢሆንም፣ ሸቀጥ የሚያደርገው የሰው እጅ የጠረገው መንገድ ነው።

በአገር ውስጥም ምሳሌ አይጠፋም። በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት በተመዘገበው በሰሜን ተራሮች ፓርክ ወደ ጅንባር ፏፏቴ የሚሄድ እንግዳ ከደባርቅ አስጐብኚና ጠባቂ ይዞ ይነሣል፤ ዕቃውንም በበቅሎ ያስጭናል። በዚሁ በሰሜን ወሎ፣ በመቄት፣ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ገበሬዎች በማኅበር ሆነው በገደሉ አፋፍ ጐጆ ሠርተው እንግዳ ሲያሳድሩ፣ የመንገደኛውን ጓዝ በአህያ ከሰፈር ወደ ሰፈር ሲያደርሱ ቈይተዋል። በዚህ ሥራ ገንዘብ ያገኙት ባለ ጐጆው፣ ባለ አህያውና እንጀራ ጋጋሪዋ ናቸው። ከመቄት ደጋ ወደ ቆቦ ቈላ ያለው ርቀት አሳቡ እንዳይሻገር የሚያግድ አይደለም።

ስለ ፏፏቴ ንግድ ሲነገር የጢስ ዓባይን ነገር መዝለል አይቻልም። ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው ይህ ፏፏቴ ከ40 ሜትር ገደማ ከፍታ የሚወርድና በክረምት ወርዱ እስከ 400 ሜትር የሚሰፋ ነው፤ እንግዳውም በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን የተሠራውን የድንጋይ ድልድይ ተሻግሮ በእግሩ ይደርስበታል። ከ1969 ዓ.ም. ጀምሮ ሥዕሉ በአንድ ብር ኖት ጀርባ ታትሞ ስለ ነበር ያልነካው ባለ ሱቅ አልነበረም። ነገር ግን በ1956 ዓ.ም. የመጀመሪያው፣ በ1993 ዓ.ም. ሁለተኛው የኤሌክትሪክ ማመንጫ በአጠገቡ ተሠሩ፤ በ2002 ዓ.ም. ደግሞ 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የጣና በለስ ጣቢያ ውኃውን ከሐይቁ በሌላ አቅጣጫ መውሰድ ጀመረ። በዚያው ዓመት የአንድ ብሩ ኖት በሳንቲም ተተካ። መብራት ለአገር አስፈላጊ መሆኑን የሚክድ ነጋዴ የለም፤ ነገር ግን ከክረምት ውጭ የመጣ እንግዳ ብዙ ጊዜ ያየው እርጥብ ዐለት ስለ ሆነ፣ በመንገዱ ዳር ቡናና የእጅ ሥራ ዘርግታ የምትጠብቀው ሴት ገበያዋ እንደ ውኃው ቀጠነባት። ስለ ሜጋ ዋቱ ሒሳብ ሲደረግ የእርስዋን ኪሣራ በመዝገብ ያሰፈረ አልነበረም።

ወደ ራያ ሲመጣ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። ቆቦ ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር በማይሞላ ሜዳ ላይ የተቀመጠች ስትሆን፣ በምዕራቧ የደጋው ግድግዳ ከፍ ብሎ ይታያል፤ በምሥራቅ የዞብል ተራራ ይከልላታል። በክረምት ከደጋው የሚወርደው ውኃ በየገደሉ እየተወረወረ በጎሊና፣ በሆርማትና በሌሎችም ወንዞች ወደ ሜዳው ይገባል። የራያ ገበሬም ይህን ጎርፍ ከጥንት ጀምሮ እየጠለፈ ማሽላውንና ጤፉን አብቅሎበታል። እንግዲህ እዚህ ፏፏቴው የገበሬው ተቀናቃኝ አይደለም፤ ከላይ ለተመልካች የወረደው ውኃ ከታች ለማሳ ይደርሳልና።

አንዳንድ ነጋዴዎች ግን፣ «ጎርፍ መንገድ ሲቈርጥና ሸቀጥ ሲያበላሽ የኖረ ጠላት ነው፤ እርሱን ለማየት ገንዘብ የሚከፍል ማን ነው?» ይላሉ። ቃላቸው ከልምድ የመነጨ ስለ ሆነ በቀላሉ ሊናቅ አይገባውም። በእርግጥም የራያ ወንዝ አታላይ ነው፤ በቆቦ ሰማዩ ጠርቶ ፀሐይ እየወጣ ሳለ በደጋው የዘነበው ዝናብ ደረቁን አሸዋ በድንገት ሊሞላው ይችላል። መንገደኛውን ወደ ፏፏቴው የሚጠራው ወቅትና የሚያሰጥመው ወቅት አንድ ነው። ነገር ግን ይኸው አደጋ የአገሬውን ሰው ዕውቀት ዋጋ ያለው ያደርገዋል። የደጋውን ደመና አይቶ «ዛሬ አይኬድም» የሚል መሪ፣ «እንሂድ» ከሚለው ይልቅ ደመወዝ ይገባዋል። ስለዚህ ሳይሄድ ለቀረበትም ቀን ሊከፈለው ያስፈልጋል፤ አለዚያ ረኀብ ከጥንቃቄ በላይ ይመክረዋል።

እንግዲህ ከቆቦና ከአካባቢዋ ነጋዴዎች የሚጠበቀው ከባድ ካፒታል አይደለም። በመጀመሪያ፣ ከደጋው ሥር ካሉት ገበሬዎች ጋር ተስማምቶ መንገዱን መለየት፣ የመሪውንና የአህያውን ዋጋ በግልጽ ወስኖ በየሱቁ መለጠፍ ይገባል፤ ዋጋው በየደጃፉ የሚለዋወጥ ገበያ ደንበኛ አያጸናም። ሁለተኛ፣ በበጋ የሌለውን ፏፏቴ አለ ብሎ እንግዳ መጥራት ጤፍን ከአፈር ቀላቅሎ ከመሸጥ አይለይም፤ ወቅቱን በሐቅ መናገር ይገባል። ሦስተኛ፣ አስመጪው የዝናብ ካፖርት፣ የተራራ ጫማና ገመድ፣ ባለ ሱቁም ባትሪ፣ ብስኩትና የታሸገ ውኃ በወቅቱ ያዘጋጁ። ገዢው የውጭ አገር ሰው ብቻ ይሆናል ብሎ መጠበቅም አያስፈልግም፤ በአዲስ አበባ በየሳምንቱ መጨረሻ በማኅበር ሆነው ወደ ተራራና ወደ ደን በእግር የሚወጡ ወጣቶች በዝተዋል።

ይህ ሁሉ ሰላምን እንደሚጠይቅ የራያን ነጋዴ ማስተማር አያሻም። ቆቦ በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. ጦርነት በላይዋ አልፎባታል፤ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የተነሣው ግጭትም እንግዳን ከመንገዱ አስቀርቷል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ሰው እንዲመጣ መጥራት ተገቢ አይደለም፤ ነገር ግን መዘጋጀትን የሚከለክል የለም። ሰላም በወረደ ማግስት ከሩቅ ከተማ የሚመጣ ባለ ገንዘብ የገደሉን አፋፍ ይዞ አጥር ቢያጥር፣ ገበሬው የአጥር ጠባቂ፣ የቆቦ ነጋዴም ተመልካች ሆነው ይቀራሉ። ዛሬ በስምምነት የተጻፈ አንድ ገጽ የመንገድና የዋጋ ውል ግን ያን ጊዜ ድርሻቸውን የሚያስከብር ሰነድ ይሆናል። የንግድ ምክር ቤቱ አባሎች ይህን ውል ከገበሬው ማኅበር ጋር ተቀምጠው ለመጻፍ የመጪውን ክረምት መግባት ሊጠብቁ አይገባም።