ሊያድኑ የሄዱት እንዳይጠፉ

ሰውን ከአደጋ የማዳን ሥራ ድፍረት ብቻ አይበቃውም፤ ዕውቀትም ያስፈልገዋል። እሳት አጥፊ ሠራተኛ ወደ አደጋው ቦታ በደረሰ ጊዜ ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ የሚገጥመው የተዘጋ በር ነው። ስለዚህም መዶሻ፤ መጥረቢያና መፈልቀቂያ ዘንግ ይይዛል። በ1940ዎቹ ዓመታት ከኒውዮርክ እሳት አጥፊዎች አለቆች አንዱ የነበሩት ሂው ሃሊገን ያወጡት፤ በአንድ ጫፉ መንታ ጥፍር፤ በሌላው ጫፉ ሰፊ ምላስና ሹል ቀንድ ያለው የብረት ዘንግ ዛሬ በብዙ አገር ይሠራበታል።

ነገር ግን ብረት ብረትን ወይም ድንጋይን በመታ ጊዜ የእሳት ፍንጣሪ ይወጣል። ሜቴን የሚባለው የተፈጥሮ ጋዝ ከመቶ ከ5 እስከ 15 እጅ ያህል ከአየር ጋር ተቀላቅሎ እንደ ሆነ፤ ለመፈንዳት ትንሽ ፍንጣሪ ይበቃዋል። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1937 በቴክሳስ ኒው ለንደን ከተማ፤ ሾልኮ ከትምህርት ቤት ወለል በታች የተጠራቀመ ጋዝ ከአንድ የኤሌክትሪክ መሣሪያ በወጣ ፍንጣሪ ተቀጣጥሎ 300 የሚያህሉ ተማሪዎችና መምህራን አለቁ። በ2019 ደግሞ በፓሪስ የጋዝ ሽታ ተሰማ ተብለው ከመጡት እሳት አጥፊዎች ሁለቱ፤ ከሌሎች ሁለት ሰዎች ጋር በፍንዳታ ሞቱ። የፓሪሱን እሳት የለኰሰው የእሳት አጥፊዎቹ መሣሪያ ነው አንልም፤ ጋዝ ወዳለበት ቤት የሚገባ ሰው ምን ያህል በሞት አፋፍ እንደሚቆም ግን ያስረዳል።

ስለዚህ መዳብን ከቤሪሊየም፤ ወይም ከአሉሚኒየም ጋር አቀላቅሎ መሣሪያ መሥራት ተለመደ። የአሜሪካ መንግሥት የሥራ ደኅንነት መሥሪያ ቤት የሚቃጠል ነገር ባለበት ስፍራ እንዲህ ያለው መሣሪያ እንዲያዝ ይመክራል። የዚያው አገር የፔትሮሊየም ማኅበር ግን በቤንዚን ተን አጠገብ የተለየ ጥቅም እንደማይሰጥ ጽፎ ነበር። ሁለቱን የሚያስታርቅ ምክንያት ይገኛል። ይኸውም ጋዝ ሁሉ አንድ አለመሆኑ ነው፤ ሃይድሮጅንን የሚለኵሰው ኃይል ሜቴንን ከሚለኵሰው ከዐሥር አንድ እጅ እንኳ ያንሳል።

ደግሞም «ፍንጣሪ የማያወጣ» የሚለው ስም ከግብሩ ይበልጣል። ቅይጡ ከጠንካራ ብረት ይልቅ ለስላሳ ስለ ሆነ ቶሎ ይደንዛል፤ በላዩም የብረት ቅንጣት ከተሰካበት እንደ ብረቱ ፍንጣሪ ሊያወጣ ይችላል። አሲቲሊን በሚባለው የብየዳ ጋዝ አጠገብ መዳብ የበዛበት መሣሪያ አይያዝም፤ ከጋዙ ጋር ተዋሕዶ ራሱ የሚፈነዳ ነገር ይፈጥራልና። ቤሪሊየም ያለበትንም መሣሪያ በሚስሉበት ጊዜ የሚነሣው ትቢያ ሳንባን በጽኑ ይጎዳል።

ነዳጇን ከጅቡቲ ወደብ በቦቴ ለምታስመጣው አገራችንም ይህ ነገር የሩቅ ወሬ አይደለም። መሣሪያ የሚገዙ ሹማምንት ዋጋውንና ስሙን ብቻ አይተው አይፈርሙ፤ ከምን እንደ ተቀየጠ፤ ለየትኛው ጋዝ እንደሚሆን፤ ማን እንደሚያጸዳውና እንደሚስለው ይጠይቁ። ከዘንጉም ጋር የጋዝ መለኪያና የሚያሠለጥን ሰው አብሮ ይታሰብ፤ ሥርዓቱ አስቀድሞ ሕዝቡን ማራቅ፤ ጋዙን ከምንጩ መዝጋት፤ ቤቱን ማናፈስ፤ አየሩን መለካት፤ ከዚያም በኋላ በሩን መፈልቀቅ ነውና። ይህን ሥርዓት ያልተማረ ሰው የነሐስ ዘንግ ቢይዝ በውድ ዋጋ የተገዛ መተማመኛ እንጂ ጥበቃ አላገኘም። ሕዝብን የሚያስተምሩ ሁሉም የጋዝ ሽታ በተሰማበት ቤት ሻማ እንዳይበራ፤ የመብራት ማብሪያም እንዳይነካ ቢመክሩ፤ እሳት አጥፊው ከመድረሱ በፊት ብዙ ነፍስ ይተርፋል።