ጄፈርሰን ወይስ ቼዝ?

በአሜሪካን ፉትቦል ፋንታሲ ከሁለቱ ኮከብ ኳስ ተቀባዮች ማን ይመረጥ? የኛ ዲፓርትመንት ልጆች «ጃማር ቼዝ እ.ኤ.አ. በ2024 17 ተችዳውን አስቆጠረ፣ ጀስቲን ጄፈርሰን 10፤ በቃ አለቀ!» ይላሉ። እኔ ግን በዚህ ሚዛን አልስማማም። ተችዳውን ከዓመት ዓመት ይዋዥቃል፤ ራሱ ቼዝ በ2023 ያስቆጠረው 7 ብቻ ነበር።

ይልቅ የተቀበሉትን ኳስ እንይ። በ2024 ቼዝ 127 ኳስና 1,708 ያርድ፣ ጄፈርሰን 103 ኳስና 1,533 ያርድ አላቸው። ለአንድ ኳስ 1 ነጥብ፣ ለ10 ያርድም 1 ነጥብ ከተሰጠ፣ ተችዳውን ጭራሽ ሳይቆጠር ቼዝ በ40 ነጥብ ገደማ ይበልጣል።

ስለዚህ እኔም ቼዝን እመርጣለሁ፤ ምክንያቴ ግን ሌላ ነው። እኛ የስታትስቲክስ ተማሪዎች ደግሞ ከመልሱ ይልቅ ምክንያቱ ሊያሳስበን ይገባል፤ በተሳሳተ መንገድ የተገኘ ትክክለኛ መልስ ለከርሞ አይደገምምና።